ራልፍ ቡንች፤ ከሕዝቦች ጥናት ወደ አስታራቂነት

ራልፍ ጆንሰን ቡንች የተባሉት ወጣት አሜሪካዊ መምህር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ከአውሮጳ ተነሥተው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተሻገሩ። ሊመረምሩት ያሰቡት ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቶጎና ዳሆሜይ ጎን ለጎን የሚዋሰኑ፣ ሁለቱም በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ እጅ የነበሩ አገሮች ናቸው። ሆኖም ዳሆሜይ ፈረንሳይ በጦር ኃይል የያዘችው ቅኝ አገር ስትሆን፣ ቶጎ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን ተወስዳ በመንግሥታት ማኅበር አደራ ለፈረንሳይ የተሰጠች ነበረች። ስለ ቶጎ አገዛዝ በየዓመቱ ለጄኔቭ መግለጫ ይቀርባል፤ ስለ ዳሆሜይ ግን ከፓሪስ በቀር የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ በጄኔቭ የሚደረገው ቍጥጥር በቶጎ ገበሬ ግብርና ጉልበት፣ በልጆቹም ትምህርት ላይ የሚታይ ልዩነት አምጥቷልን? ወጣቱ መምህር ከመዛግብቱም ከአገሩም ያገኙት መልስ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው የሚል ሆነ። አደራ የተባለውና ቅኝ ግዛት የተባለው በወረቀት ላይ ሲራራቁ፣ በመንደር ውስጥ ግን ተመሳሳይ ነበሩ።

ይህ ጥናት በ1934 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርነት ማዕርግና የቶፓን ሽልማት አስገኘላቸው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ይህን ማዕርግ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ከማዕርጉ ይልቅ ግን ለኋላ ታሪካቸው የሚጠቅመው ጥያቄው ራሱ ነው። በተፈረመው ወረቀትና ከወረቀቱ በታች በሚኖረው ሕዝብ ኑሮ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ነው? ዶክተር ቡንች ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ያህል አንዳንድ ጊዜ እንደ መርማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ራሳቸው ወረቀቱን እንደሚያስፈርም ሰው ሆነው ከዚህ ጥያቄ ጋር ኖረዋል። ዓለም የሚያውቃቸው በዲፕሎማትነታቸውና በ1950 በተቀበሉት የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። የሕዝቦችን ባሕልና አኗኗር ለመመርመር በታላላቅ መምህራን እግር ሥር ተቀምጠው መማራቸው ግን ሲተረክ የሚሰማው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

የተወለዱት በዲትሮይት ከተማ ኦገስት 7 ቀን 1903 ነው፤ ብዙዎች መጻሕፍት 1904 ይላሉ። አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ወላጅ እናታቸው በ1917 በኒው ሜክሲኮ ካረፉ በኋላ ያሳደጓቸው የእናታቸው እናት ወይዘሮ ሉሲ ጆንሰን ናቸው። እኒህ አያት ልጁን ይዘው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። በቁመት ትንሽ፣ በመንፈስ ግን ለማንም የማይበገሩ ሴት እንደ ነበሩ ዶክተር ቡንች በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይመሰክሩ ነበር። ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንደኛነት ቢጨርስም፣ የከተማው ምርጥ ተማሪዎች ከሚመዘገቡበት ማኅበር በቀለሙ ምክንያት ተከለከለ። በኋላም የጽዳት ሠራተኛ ሆነው እየሠሩና የቅርጫት ኳስ እየተጫወቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ተምረው በ1927 እንደገና በአንደኛነት ተመረቁ። በ1928 በዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ የፖለቲካ ሳይንስ ክፍሉንም ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው።

ዶክተር ቡንች በምዕራብ አፍሪካ ያዩት ነገር አንድ ጕድለት አሳያቸው። የአገዛዝ ሕግን የሚያውቅ ሰው የተገዢውን ሕዝብ ልማድ፣ የዝምድና ሥርዓቱንና መሬት የሚያዝበትን ደንብ ካላወቀ፣ ስለ ሕዝቡ የሚጽፈው ሁሉ የገዢው መዝገብ ግልባጭ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ከ1936 እስከ 1938 በተሰጣቸው የጥናት ድጋፍ እንደገና ተማሪ ሆኑ። በመጀመሪያ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ከሜልቪል ሄርስኮቪትስ ዘንድ፣ ቀጥሎ በሎንዶን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ከብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ዘንድ፣ በመጨረሻም በኬፕታውን ከአይዛክ ሻፔራ ዘንድ ተማሩ። እነዚህ ሦስት ሰዎች በጊዜው በዚህ ጥናት ላይ ከነበራቸው ሥልጣን የተነሣ፣ ከሦስቱም የተማረ ሌላ ዲፕሎማት መፈለግ ከንቱ ድካም ሳይሆን አይቀርም። በዚሁ ጊዜ በሎንዶን በማሊኖቭስኪ ጉባኤ ይማር የነበረ ጆሞ ኬንያታ የተባለ የኪኩዩ ተወላጅ ስዋሂሊ ያስተምራቸው ነበር።

በ1937 መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ የገቡት የይለፍ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ከተቸገሩ በኋላ ነው። በዚያ በቈዩባቸው ጥቂት ወራት የሰበሰቡት ማስታወሻ ከማሊኖቭስኪ የተማሩትን ሥልት በግልጥ ያሳያል። በባቡር ውስጥ የተሰማውን ጭውውት፣ በፍርድ ቤት የታየውን ችሎት፣ የሥራተኛውን ደመወዝ፣ የአንድን ሰፈር የቤት ኪራይ ሁሉ ይመዘግባሉ። በብሉምፎንቴን በተደረጉት የአፍሪካውያን የፖለቲካ ጉባኤዎች ተገኝተው ማን ከማን ጎን እንደ ተቀመጠ፣ ማን ሲናገር አዳራሹ እንደ ተቀዛቀዘ ሳይቀር ጽፈዋል። በ1938 ወደ ኬንያ በሄዱ ጊዜ የኪኩዩ ሽማግሌዎች ቅድመ አያቶቹ ተሸጠው እንደ ሄዱና እሱ እንደ ተመለሰ ወንድም ተቀበሏቸው፤ «ካሪዮኪ» የሚል ስምም አወጡላቸው። ትርጕሙ ከሙታን የተመለሰ ማለት ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህንኑ ሥልት በገዛ ሕዝባቸው ላይ አዋሉት። ስዊድናዊው ጉናር ሚርዳል ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ ያካሄዱት ሰፊ ምርመራ ዋና ተባባሪ ሆነው በ1939 በደቡብ ግዛቶች በመኪና ዞሩ። በነዚያ አውራጃዎች አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አብረው ሲጓዙ መታየታቸው ብቻ ለአደጋ ይበቃ ስለ ነበር፣ ከአንዳንድ ከተማ በሌሊት መውጣት አስፈልጓቸዋል። ቡንች ለዚህ ሥራ ያዘጋጁት ጽሑፍ ከ3,000 ገጽ ይበልጣል። ሚርዳል በ1944 ያሳተሙት መጽሐፍ ከዚሁ ምንጭ ብዙ ቀድቷል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የመምህሩ ሕይወት ወደ መንግሥት ሥራ ዞረ። አሜሪካ አፍሪካን የሚያውቅ ሰው በፈለገች ጊዜ ያገኘችው ጥቂት ነበርና ቡንች በ1941 በጦርነቱ የመረጃ መሥሪያ ቤት የአፍሪካን ጉዳይ ያዙ፤ በ1944 ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲጻፍ ስለ ቅኝ አገሮችና ስለ ሞግዚትነት የሚናገሩትን ምዕራፎች ካረቀቁት አንዱ ሆኑ። የቶጎ ጥናት ፍሬ እዚህ ላይ ይታያል። የቀድሞው የአደራ ኮሚሽን በጄኔቭ ተቀምጦ ገዢው የላከለትን መግለጫ ከማንበብ በቀር ወደ አገሩ ሄዶ የማየት ሥልጣን አልነበረውም። አዲሱ የሞግዚትነት ምክር ቤት ግን በቻርተሩ በ87ኛው አንቀጽ መሠረት ጎብኚ መልእክተኞችን ወደ አገሩ ይልክ፣ የሕዝቡንም አቤቱታ ይቀበል ነበር። በ1932 በሎሜ ከተማ የጎደለው ይኸው ነበር። ቡንች በ1946 ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገብተው የሞግዚትነቱን ክፍል በዲሬክተርነት መሩ። በዚህ ሥርዓት ሥር ከነበሩት 11 አገሮች አንዷ የኢትዮጵያ ጎረቤት የሆነችው የቀድሞዋ የኢጣሊያ ሶማሊያ ስትሆን፣ የነጻነቷ ጊዜ አስቀድሞ በዓመት ተወስኖ ከ1950 እስከ 1960 በኢጣሊያ ሞግዚትነት ቈይታለች። ቶጎም ዳሆሜይም በዚያው በ1960 ነጻ ወጡ።

ይሁን እንጂ የቡንችን ስም በዓለም ያስጠራው አፍሪካ ሳትሆን ፍልስጥኤም ናት። በ1947 ጠቅላላው ጉባኤ የአሥራ አንድ መንግሥታት ኮሚቴ ወደዚያ ሲልክ ቡንች በጸሐፊነት አብረው ተጓዙ። ኮሚቴው በሐሳብ ተከፈለ። ሰባቱ አገሪቱ ለሁለት እንድትከፈል ሲፈልጉ፣ ሕንድ፣ ኢራንና ዩጎዝላቪያ አንድ የፌዴራል መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቁ፤ አውስትራሊያ ከሁለቱም አልወገነችም። የሁለቱንም ወገኖች መግለጫ ያረቀቁት እኚሁ አንድ ጸሐፊ ናቸው። ይህ ለአንዳንዱ ሰው የእምነት ማጣት ይመስላል። ነገር ግን የሌላውን ሰው ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ «ይህ የኔ ነው» እስኪል ድረስ ማስተካከል የባሕል ጥናት ተማሪ ዋና ትምህርቱ ነው። በኖቬምበር 29 ቀን 1947 ጉባኤው የመክፈሉን ሐሳብ አጸደቀ። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ድምፅ ካልሰጡት አገሮች አንዷ ነበረች።

በሜይ 1948 የእስራኤል መንግሥት በታወጀ ማግስት የአረብ መንግሥታት ጦር ገባ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስዊድኑን ኮንት ፎልክ በርናዶትን አስታራቂ አድርጎ ሲሾም ቡንች የዋናው ጸሐፊ እንደራሴ ሆነው አጠገባቸው ተመደቡ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ሁለቱ በኢየሩሳሌም ሊገናኙ ቀጠሮ ነበራቸው፤ የቡንች ጉዞ በመንገድ ላይ ስለ ዘገየ ኮንቱ ብቻቸውን ሄዱ። ሌሂ የተባለው የአይሁድ የምሥጢር ማኅበር ሰዎች መኪናውን አስቁመው ኮንት በርናዶትንና አጠገባቸው የተቀመጡትን ፈረንሳዊ ኮሎኔል አንድሬ ሴሮን ገደሉ። ቡንች ከዚያው ቀን ጀምሮ ተጠባባቂ አስታራቂ ሆኑ።

በኖቬምበር 16 የጸጥታው ምክር ቤት ተዋጊዎቹ ወደ ጦር ማቆም ስምምነት እንዲደርሱ አዘዘ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1949 የግብጽና የእስራኤል መልእክተኞች በሮድስ ደሴት ሮዝ በተባለው ሆቴል ተሰበሰቡ። ከግብጽ ወገን ኮሎኔል ሰይፍ ኤዲን፣ ከእስራኤል ወገን ዋልተር ኤይታንና ወጣቱ የጦር አዛዥ ይጋኤል ያዲን መጥተዋል። ሁለቱ መልእክተኞች በአንድ ጣራ ሥር ቢያድሩም፣ ግብጻውያን ከእስራኤላውያን ጋር ፊት ለፊት መነጋገር እንደ ዕውቅና መስጠት ይቈጠርብናል ብለው ፈሩ። ቡንች በዚህ ላይ ክርክር አላነሡም። በየክፍሉ እየዞሩ ለየብቻ አነጋገሯቸው። ከዚያም ሁለቱም ወገኖች ሊጣሉበት የማይችሉትን ነገር፣ ይኸውም የመወያያውን አርእስት ዝርዝርና በድርድሩ ጊዜ ማንም እንዳይተኩስ የሚለውን ቃል፣ በቅድሚያ አቀረቡላቸው። ይህ ትንሽ ወረቀት ተፈረመ። ቡንች በኋላ እንደ ገለጹት ዋናው ምክንያት የወረቀቱ ቁም ነገር አልነበረም። ሰዎቹ በአንድ ክፍል መቀመጥንና በአንድ ወረቀት ላይ መፈረምን እንዲለምዱ ነው፤ የመጀመሪያው ፊርማ ከቀና ሁለተኛው አያስፈራም።

የሥራው ክብደት ግን በደቡብ በፋሉጃ መንደር ነበር። በዚያ 4,000 ያህል የግብጽ ወታደሮች በእስራኤል ጦር ተከበዋል፤ ከተከበቡት መኰንኖች አንዱ ጋማል አብደል ናስር ነበሩ። ግብጽ ሠራዊቷ አስቀድሞ እንዲወጣ ስትጠይቅ፣ እስራኤል የተከበበውን ጦር እንደ መያዣ ቈጥራ የመስመሩ ጉዳይ ሳያልቅ አለቅም አለች። ቡንች ሲጋራ ከእጃቸው ሳይጠፋ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ የአንዱን ወገን ቃል ጽፈው ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ የሌላውን ቃል አርመው ይመለሳሉ። አንዱ የናቀውን ቃል አንሥተው ሌላው የሚችለውን ያስገባሉ። ስምምነቱ በቀረ ቍጥር በሁለቱም ወገኖች ስም የሚጻፈው የእሳቸው ቃል ሆነ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን ፊርማው ተፈጸመ፤ የፋሉጃ ጦርም በሰላም ወጣ። ቡንች ለመልእክተኞቹ መታሰቢያ እንዲሆን በደሴቱ ሸክላ ሠሪዎች ያሠሩትን ያጌጠ ሳሕን ሲሰጡ፣ ሳትስማሙ ቀርታችሁ ቢሆን ኖሮ በየራሳችሁ ላይ እሰብረው ነበር ብለው አሣቋቸው ይባላል።

ከሊባኖስ ጋር ማርች 23፣ ከዮርዳኖስ ጋር ኤፕሪል 3፣ ከሶርያ ጋር ጁላይ 20 ቀን 1949 ተመሳሳይ ውል ተፈረመ። ኢራቅ ጦሯን አወጣች እንጂ አልፈረመችም። የቡንች ብልሃት እያንዳንዱን መንግሥት ለየብቻ ማነጋገር ነበር፤ አንዱ የሌላውን ድፍረት እየተከተለ መጣ። ይህን ለማመን በዚያው ዓመት በሎዛን የሆነውን መመልከት ይበቃል። የአስታራቂ ኮሚሽኑ የአረብ መንግሥታትን እንደ አንድ አካል አድርጎ ሲያነጋግር ከሌሎቹ ቀድሞ ሸብረክ ያለ እንዳይመስል ሁሉም ጠነከረ፤ ጉባኤውም ያለ ፍሬ ተበተነ።

እዚህ ላይ የቃል ጉዳይ መመልከት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ዕርቅ» ሲባል ደም የተቃቡ ወገኖች በሽማግሌ ፊት፣ በካሣና በመሐላ ወደ ጉርብትናቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። በሮድስ የተፈረመው ዕርቅ አልነበረም፤ ሊሆንም አልታሰበም። ውሉ ራሱ የተሰመረው መስመር በምንም ዓይነት የፖለቲካ ወይም የግዛት ወሰን ሆኖ እንዳይቈጠር በግልጥ ይደነግጋል። ቡንች ይህን አንቀጽ ያስገቡት አውቀው ነው። ወሰን ነው ቢሉ ኖሮ ማንም አይፈርምም ነበር። የመስመሩ ጊዜያዊነት የፊርማው ዋጋ ሆነ፤ ነገር ግን ዋጋውን የከፈሉት በሮድስ የተቀመጡት ሰዎች አልነበሩም።

የዮርዳኖስ ውል ለዚህ ምስክር ነው። ሮድስ ላይ መልእክተኞች በሥርዓት ሲሰበሰቡ፣ እውነተኛው ድርድር በሹና በንጉሥ አብደላ ቤት በምሥጢር ይካሄድ ነበር። ንጉሡም በኢራቅ ጦር ተይዞ ከነበረው ግንባር ሰፊ መሬት ለመልቀቅ ተገደዱ። ድርድሩ ሳያልቅ ማርች 10 ቀን የእስራኤል ጦር ወርዶ የዐቃባን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያዘ። ቡንች ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ በማስታወሻቸውም ተጸይፈውታል። ሆኖም ማኅተሙ የእሳቸው መሥሪያ ቤት ነበር። መስመሩ በካርታ ላይ ሲወርድ ብዙ የአረብ መንደር ቤቱ በአንድ ወገን፣ እርሻው በሌላ ወገን ቀረ። ከኢየሩሳሌም ደቡብ ቤት ሰፋፋ የተባለው መንደር እንዲያውም በባቡሩ ሐዲድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ዘመዳሞች ሠርግና ልቅሶአቸውን በሽቦ ማዶና ማዶ ሆነው እስከ 1967 ኖረዋል። ከ700,000 በላይ የሆኑት የፍልስጥኤም ስደተኞች ጉዳይ ደግሞ በነዚህ ውሎች ውስጥ አልተነሣም፤ በዲሴምበር 1948 በተላለፈው ውሳኔ ለአስታራቂ ኮሚሽኑ ተላልፎ ነበርና በሎዛን ከቀሩት ነገሮች ጋር ቀረ።

በቶጎ ጉዳይ ወረቀቱን ከመንደሩ ጋር አስተያይቶ የፈረደው ወጣት መርማሪ በሮድስ ውል ላይ ቢፈርድ ምን ይል ነበር? ምናልባት ፍርዱ ቀላል አይሆንለትም ነበር። ውሉ መንደሩን ከፈለ፤ ሆኖም ውሉ ባይኖር መንደሩ በጦር ሜዳ መካከል ነበር። አራቱ ውሎች ግድያውን በአንድ ዓመት ውስጥ አስቆሙ፤ ከ1949 እስከ 1956 በነዚህ አገሮች መካከል ሌላ ሙሉ ጦርነት አልተነሣም። ቡንች የተሳሳቱት፣ ስሕተት ከተባለ፣ በወራት ይተካል ተብሎ የተሰመረውን መስመር መንግሥታቱ ራሳቸው በሰላም ውል ይለውጡታል ብለው ማመናቸው ነው። የሮድስን የብዕር መስመር እስከ ዛሬ የዓለም ጋዜጦች «አረንጓዴው መስመር» እያሉ ይጠሩታል።

ኖርዌያውያን የ1950ን የሰላም ሽልማት ለእሳቸው በወሰኑ ጊዜ ቡንች በመጀመሪያ ላለመቀበል አስበው ነበር፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ሰላም የሚያወርደው ሽልማት ለመቀበል አይደለም የሚል ሐሳብ ነበራቸውና። ዋናው ጸሐፊ ትሪግቬ ሊ ለድርጅቱ ክብር ሲሉ እንዲቀበሉ አስገደዷቸው። ከጥቁር ዘር ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትሩማን ከዚያ አስቀድሞ በ1949 የውጭ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትርነት ቢሰጧቸው፣ ጥቁርና ነጭ በሚለያዩባት ዋሽንግተን ልጆቻቸውን ማሳደግ እንደማይፈልጉ ገልጸው እንቢ ብለዋል። ክብሩ ግን ከውርደት አላዳናቸውም። በ1954 በ1930ዎቹ ዓመታት ከነማን ጋር ይሰበሰቡ እንደ ነበር ተጠይቀው በአገር ታማኝነት መርማሪ ቦርድ ፊት ቀረቡ፤ በሙሉ ድምፅም ነጻ ወጡ። በ1959 ደግሞ በኒው ዮርክ አንድ የቴኒስ ክበብ ልጃቸውን በቀለሙ ምክንያት አልቀበልም አለ። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ክበቡ ይቅርታ ቢጠይቅም፣ ቡንች በስማቸው ምክንያት ብቻ የሚከፈት በር ለስም የለሹ ጥቁር ልጅ ተዘግቶ እንደሚቀር ተናግረዋል። በ1963 በዋሽንግተኑ ሰልፍ፣ በ1965ም ሕመምተኛ ሆነው ሳሉ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ በተደረገው ጉዞ ተገኝተዋል።

በ1956 የስዌዝ ጦርነት ሲነሣ ዋናው ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ የመጀመሪያውን የሰላም አስከባሪ ጦር የማቋቋም ሥራ በቡንች ላይ ጣሉት። ልዩ ልዩ አገር ወታደሮች በአንድ ምልክት እንዲታወቁ የራስ ቍሮቻቸው ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት በዚያ ጊዜ ነው። በ1960 ኮንጎ ነጻነቷን ስታከብር ቡንች የድርጅቱ እንደራሴ ሆነው ሌኦፖልድቪል ነበሩ። በጁላይ የመጀመሪያ ሳምንት ወታደሮች በመኰንኖቻቸው ላይ ዐመፁ፤ በሆቴሉም ገብተው ጠመንጃ ደገኑባቸው። ሊወጡ ከማይታሰብበት ከተማ ወጥተው ሳይሆን እዚያው ተቀምጠው ሠራዊቱ እስኪመጣ ጠበቁ፤ ሠራዊቱም ሲመጣ ዋና አዛዡ እስኪደርሱ ድረስ ወታደር ሳይሆኑ አዘዙ። ከቀደሙት ጦሮች አንዱ ከኢትዮጵያ የተላከው ነበር፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 የዚያ ጠቅላላ ሠራዊት አዛዥ ሆነዋል። በኮንጎ ግን የሮድስ ብልሃት አልሠራም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ የድርጅቱ ጦር ከካታንጋ ጋር እንዲዋጋላቸው ሲጠይቁ፣ ቡንች ጦሩ የማንንም ጠብ አይዋጋም አሉ። ኦገስት 4 ቀን ወደ ኤልዛቤትቪል ሄደው ሞይዝ ቾምቤ ጦሩ ከገባ እንደሚተኩሱ ካረጋገጡ በኋላ መግባቱ እንዲዘገይ መከሩ። ከሉሙምባ ጋር ተቀያይመው በዚያው ወር መጨረሻ ተመለሱ። ሁለት ወገን ከሌለ፣ ወይም አንዱ ወገን ሌላውን ወገን ብሎ መጥራት ካልፈለገ፣ በየክፍሉ መዞር ምንም አይፈይድም።

በሜይ 1967 ፕሬዚዳንት ናስር የስዌዙ ጦር ከአገራቸው እንዲወጣ ጠየቁ። ቡንች ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጦሩን ያስገቡት በግብጽ ፈቃድ ነበርና ፈቃዱ ሲነሣ ጦሩ ሊቀመጥ እንደማይችል ለዋና ጸሐፊው ለኡ ታንት አረጋገጡ። በጁን 5 ጦርነቱ ተነሣ፤ የ1949 መስመሮችም በስድስት ቀን ፈረሱ። በምዕራብ ጋዜጦች የደረሰባቸው ወቀሳ መራራ ነበር። በሕጉ በኩል ሲታይ ቡንች ትክክለኛ ነበሩ። የውሉን ቃል አክብሮ የውሉን ሥራ መጠበቅ አለመቻል ግን በቶጎ የጀመረው ጥያቄ እንደገና በራሳቸው ላይ መምጣቱ ነው።

የመጨረሻ ታላቅ ሥራቸው ብዙም አልተወራለትም። ኢራን በባሕረይን ላይ የነበራትን የቆየ የይገባኛል ጥያቄ ለመተው መንገድ ስትፈልግ፣ እንግሊዝም ከባሕረ ሰላጤው ለመውጣት ስትዘጋጅ፣ ጉዳዩ በምሥጢር ወደ ዋናው ጸሐፊ መሥሪያ ቤት መጣ። ቡንች በዚያን ጊዜ በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይናቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ቢባል ሼኩ አይፈቅዱም፤ ምንም ሳይጠየቅ ይለፍ ቢባል ሻሁ አይቀበሉም። የተገኘው መንገድ አንድ መልእክተኛ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ ማኅበራቱን፣ ክበቦቹን፣ የሃይማኖት መሪዎቹንና የመንደሩን ሰዎች አንድ በአንድ እንዲጠይቅ ነበር። የጄኔቭ መሥሪያ ቤት ኀላፊ የነበሩት ቪቶሪዮ ዊንስፒር ጉዊቻርዲ ከማርች 30 ቀን 1970 ጀምረው ለሦስት ሳምንታት ያህል ይህን ፈጸሙ፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ሙሉ ነጻነት ያለው መንግሥት እንደሚፈልግም አስታወቁ። የጸጥታው ምክር ቤት ሜይ 11 ቀን አጸደቀው፤ ኢራንም ተቀበለች። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ባሕረይን በኦገስት 15 ቀን 1971 ነጻ ሆነች።

ዶክተር ቡንች በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን በኒው ዮርክ አረፉ። ከድርጅቱ ሕንጻ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ የአትክልት ስፍራ በስማቸው ተጠርቷል። በ1937 በደቡብ አፍሪካ በባቡርና በየችሎቱ የጻፉት ማስታወሻ ከመዝገባቸው ወጥቶ የታተመው በ1992 ነው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ከእርሱ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ጊዜ አላገኙም ነበር።